የመጋዘኑ ስዊች ተጠሪ

ጌዲዮን በአቃቂው ፋብሪካ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ዳዊት እንደሚደግም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያችኑ አንድ ትእዛዝ ይጽፋል። ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኙት የኔትወርኩ ስዊቾች ከበሩ ስንት ቀን እንደሆናቸውና ተጠሪያቸው ማን እንደሆነ በየተራ ይመልሱለታል።

የመጋዘኑ ስዊች ብቻ ዝም ይላል። ባልደረባው ፍቅርተማርያም ሲጠግነው ኮረንቲ ይዞት ሞተ፤ የተቃጠለው ስዊችም ገመዱ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ዛሬ ግን መለሰ።

«ከበራ፦ አርባ ቀን። ተጠሪ፦ ፍቅርተማርያም።»

ጌዲዮን ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ገመዱ እንደተጠቀለለ ነው፤ አርባ ቀኑም ልክ ፍቅርተማርያም ከሞተ ወዲህ ያለው ነው። ምንም አልተሰማውም፤ ቀብሩ ላይም እንዲሁ ነበር።

«ጌዲ፣ ና እንጂ! ለአርባው የሚሄደው ሰርቪስ ሊነሳ ነው» አለችው የመዝገብ ቤቷ ብዙወርቅ፣ ከበሩ ሆና።

«መጣሁ።»

ትእዛዙን ደገመው።

«ከበራ፦ አንድ ደቂቃ። ተጠሪ፦ ጌዲዮን።»