የሾርባው ሣር

«የታይ ምግብ አበላሉን ለእኔ ተዉት። አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ስሄድ ሦስት ጊዜ በልቻለሁ» አለች ለሁለቱ ጓደኞቿ። ባንኮክ እየተመላለሱ ልብስ ሲነግዱ የኖሩት እትዬ አስካለ ለሚሌኒየሙ ቡታጅራ ላይ በከፈቱት ምግብ ቤት ውስጥ ሦስቱ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ሾርባው ሲቀርብ ጓደኞቿ ማንኪያቸውን ይዘው እጇን እጇን ያዩ ጀመር።

ሾርባው ላይ ጣት የሚያክል የጠጅ ሣር አገዳ ተንሳፍፎ ነበር። እናቷ ሻይ ውስጥ የምትጨምረው ያው ሣር ነው፤ እዚህ ምን እንደሚሠራ ግን ግራ ገባት። ይበላል? ወይስ ይወጣል? ብትጠይቅ ሰኞ ክፍል ውስጥ መሳቂያ መሆኗ ነው። አንስታ ጎረሰችው። እነሱም አይተው ጎረሱ። ብታኝከው ብታኝከው አላልቅ አለ።

«አንቺ፣ መቼ ነው የሚዋጠው?» አለች አንደኛዋ፣ ጉንጯ አብጦ።

«ታገሺ፣ እንደ ክትፎ አይቸኮልበትም።»

እትዬ አስካለ ከጓዳ ብቅ ብለው ሦስቱንም አዩዋቸው። «ልጆች፣ እሱ እኮ ለሽታ ነው የገባው። ትፉት።»

«እሷ ሦስት ጊዜ በልቻለሁ ብላን ነው» አለች ሁለተኛዋ።

«እንግዲያው» አሉ እትዬ አስካለ፣ «አራተኛውን በረት ውስጥ ከላሜ ጎን አቀርብላታለሁ።»