ማይክራፎኑ ያወጣው ድምፅ

ራግና በሁሳቪክ ወደብ ዓሣ ነባሪና የባሕር ወፎች ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን እየተቀበለች ታሳፍራለች። ጀልባዋን የሚነዳው ከቲል የሟች ባሏ የኦርሪ ታላቅ ወንድም ነው። ኦርሪ ከሦስት ዓመት በፊት ከወንድሙ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ አልተመለሰም። «ማዕበል ጠለፈው፤ እጄን እንኳ ሳልዘረጋለት ጠፋ» ብሎ ከቲል እያለቀሰ ነግሯታል። ከዚያ ወዲህ ቤቷን ያቆመው እሱ ነው፤ እንደ አባት ታምነዋለች።

አንድ ቀን ከከቲል ጋር ባሕር የሚወጣው አስጎብኚ ታመመ።

«እኔ እወጣለሁ» አለች ራግና።

«ተይው፣ አንቺ ቅሪ። ብቻዬን እወጣዋለሁ» አለ ከቲል።

«ደግሞ ምን ሆንክ? ባሕሩ እኮ ጸጥ ብሏል!» ብላ እየሳቀች ተሳፈረች።

ቀትር ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ ነባሪ ጀርባውን አሳይቶ ጠለቀ። ወፎቹ እየተንጫጩ ከላዩ ዞሩ። ራግና እንግዶቹ የዓሣ ነባሪውን ዜማ እንዲሰሙ የጀልባዋን ማይክራፎን ውሃ ውስጥ አወረደች። ረጅሙ ዜማ ከድምፅ ማጉያው ወጣ። ዜማው ሲያበቃ የኦርሪ ድምፅ፣ እቤት ሆኖ እንደሚያወራ ሁሉ፣ በቀስታ ተከተለ፦

«ከቲል፣ ይዤዋለሁ። ገመዱን አትቁረጠው እንጂ፣ ወንድሜ።»

ቋንቋውን የማያውቁት እንግዶች አጨበጨቡ።

ራግና መሪውን ወደያዘው ከቲል ዞረች። «ሰማኸው?»

ከቲል አልደነገጠም። ዓይኑን ከባሕሩ ሳይነቅል፣

«ዛሬስ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ሌላ ቀንማ ይጮኻል» አላት።