የባልዲው ውኃ

«ቁጥሩን ኮዱ ውስጥ በእጅሽ ጽፈሽው እንዳይሆን!» አላት አሰልጣኙ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ሰገን የሩዝ ማሳ ውኃ ጥልቀት ለሚለካው ሴንሰር የጻፈችው፣ ልኬቱን አንብቦ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ድራይቨር ገና አሁን መሥራቱ ነበር። ስምንት ሳንቲሜትር ይላል።

«ኧረ በጊዮርጊስ፣ መምህር!»

«እንግዲያው አውጪው።»

ሴንሰሩን ከፎገራ ማሳ የመጣ ጭቃና ውኃ ከሞላችበት ሳፋ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ቁጥሩ እየወረደ ዜሮ ገባ። ሰልጣኞቹ አጨበጨቡ። እሱ ግን ፊቱ አልተፈታም።

«ለማንኛውም ከእኔው ጋር አስተያዪው» አለና ለማሳያ ብሎ ጠዋት ባልዲ ውኃ ውስጥ ወዳቆመው የራሱ ሴንሰር ጠቆማት። የእሱ ስክሪን እንደ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ይል ነበር።

ሰገን አጎንብሳ ባልዲውን አየች።

«መምህር፣» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የዚህን ውኃ እኮ ምሳ ሰዓት እጃችንን ታጥበን ጨርሰነዋል።»