ሙሽሪትና የጭቃው በርሜል

«ሰርጉ ይራዘማል አልኩ... ይራዘማል!»

የሚጮኸው አብዱልመጂድ ነው። ሲቀላ ሰፈር ያለው ባለሱቁ ጎረቤቴ።

ልጁ ሙባረካ ሚፍታን የምታገባው ነገ ነው። ቧንቧው ግን ሳምንቱን ሙሉ ጠብ አላለም።

ከላይ ጨንቻ ተራራ ላይ ዝናብ ጥሎ ኩልፎ ወንዝ ደፍርሷል። ያን ደግሞ ልጆቼ... ውሃ አትሉትም። ግድግዳ ብትለስኑበት ይይዛል! ዶሮዬ በእግሯ ተሻግራው ስትሄድ አይቻለሁ ስል ማንም አላመነኝም።

ከወንዙ ቀድተን በየበርሜሉ በሞላነው ጭቃ ለስንቱ እንግዳ ምን ይበሰላል?

«አባዬ... አይራዘምም» አለች ሙባረካ።

ሂናው እጇ ላይ ገና አልደረቀም። ሂና የተቀባች ሙሽራ እንኳን ሥራ ልትሠራ ዝንብ አታባርርም። ዝንብ የሚያባርርላት ሰው አለ!

«ሚፍታ ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቀጥሎ ረመዳን ነው። ነገ ነው የማገባው!»

«በምን ውሃ?»

«በዚሁ!»

ኬሚስትሪ ነው የተማረችው። ትምህርቱ ነካት ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩ... ትኩሳት የላትም።

«ሀለኮ አምጡልኝ። ቅጠሉን አይደለም፣ ፍሬውን።»

ሀለኮ እናንተ ሽፈራው የምትሉት ነው። ቅጠሉን ስንበላ አርጅተናል። ፍሬውን ግን ማን ዞር ብሎ አይቶት!

አስልጣ ነጩን አስወቀጠችን። ከቤት በቀረችው ንጹህ ውሃ በጥብጣ ወተት አስመሰለችው፣ በነጠላ አጠለለችውና በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው።

«ይሄ ጭቃውን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፣ ሲከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። መጀመሪያ በኃይል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይማሰላል... ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው!»

ማንም እንዳይነካው...

ለማን ነው የምትናገረው? ሰርግ ቤት ያረጀ እጅ፣ የሞላ ዕቃ አይቶ ዝም ይላል?

ልታግዝ የመጣችው ጎረቤታችን ሻሺቱ አለፍ ስትል አንዴ ታማስላለች። ሌላዋ ጎረቤት ወለቴ «እንዳያር» ብላ ታማስላለች። ውሃ ያራል እንዴ?!

የመጀመሪያው በርሜል ጭቃ እንደሆነ ቀረ።

«ይኸው ኬሚስትሪሽ!» አለ አብዱልመጂድ።

ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ አዘጋጀሁ። እሷ እቴ!

«እንደገና ውቀጡ» አለች። ከነሂናው እጇን ሰዳ ሁለተኛውን በርሜል ራሷ አማሰለች።

ይሄኔ አንዲት ሻርፕ የተከናነቡ ሴትዮ ገቡ። እኔ የሻሺቱ ዘመድ መሰሉኝ። ሻሺቱ የአብዱልመጂድ ዘመድ መሰሏት።

ሴትዮዋ ሰላም ብለው፣ ማማሰያውን አንስተው ገና አንዴ እንዳዞሩ...

«ኧረ እናትዬ! ወጥ መሰለሽ እንዴ? ልቀቂው!» ሙባረካ ጮኸችባቸው።



«እሺ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ።

«ይልቅ እዚህ ተቀመጪና ጠብቂልኝ። ማንም እንዳይነካ። አባቴም ቢሆን!»

ሴትዮዋ ማማሰያውን እንደ ዱላ ይዘው ተቀመጡ።

ወለቴ ተጠጋች... እጇን ቸብ!

እኔ ተጠጋሁ... ቸብ! እስካሁን ያመኛል።

አብዱልመጂድ መጣ።

«ሴትዮ፣ በርሜሉ የኔ ነው!»

«ይሁና። አይነካም ተብያለሁ።»

ሰውዬው ከገዛ በርሜሉ ተባረረ!

ተናዶ ስልኩን አወጣ። «በቃ! የሚፍታ እናት ጋ ደውዬ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ። ሰው ከወራቤ ድረስ ተነስቶ አይጉላላ።»

እሱም ሙባረካም በአካል አያውቋቸውም። ሽምግልናው በወንዶቹ፣ የቀረው በስልክ ነው ያለቀው።

ደወለ...

በርሜሉ አጠገብ ስልክ ጮኸ።

ሴትዮዋ ማማሰያውን ሳይለቁ ከጉያቸው ስልክ አወጡ።

«ወአለይኩም ሰላም... አዎ፣ የሚፍታ እናት ነኝ... አይ፣ አይራዘምም። ውሃው እየጠራ ነው፣ እያየሁት ነው።»

አብዱልመጂድ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ደርቆ ቀረ። ሙባረካ ከሂናዋ በላይ ቀላች።

«ይቅር ይበሉኝ! አንቺ ብዬ... ወጥ መሰለሽ ብዬ...»

«ዝም በይ» አሉ ዙሁራ፣ አማቷ። «ትናንት ‹ውሃ የለም፣ ሊራዘም ይችላል› ሲባል ዘመዶቻችን ‹ሰበብ ነው፣ ልጅቷ አልፈለገችም› አሉ። ልጄ እህል አልቀምስ አለኝ። እኔም በዓይኔ ልይ ብዬ ጎህ ሳይቀድ ተሳፈርኩ።»

እጇን ይዘው የተጨማለቀውን ሂና አዩት።

«አየሁ። ሂናዋን አበላሽታ ጭቃ የምታጠራ ልጅ ሰበብ አትፈልግም።»

እኔ በርሜሉ ላይ ጎንበስ አልኩ። ወላሂ እላለሁ፣ እስላም ባልሆንም... ፊቴን አየሁት! ያውም የኮረዳነቴን!

«ቢጠራም ሳይፈላ አይጠጣም!» አለች ሙሽሪት፣ እንባዋን እየጠረገች። እዚያም ላይ ታስተምረናለች።

እሑድ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ሙሽራዋ በተዥጎረጎረ እጅ ተዳረች። ያየ ሁሉ «አዲስ ዲዛይን ነው?» ይላል።

ልጆቼ... የደፈረሰ ነገር ሁሉ ዝም ብሎ አይጠራም። መጀመሪያ አምርራችሁ አማስሉ። ድርሻችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። አንዴ ሳይሳካ ቢቀር ደግሞ እንደገና ውቀጡ።

እናንተስ? ሳታውቁ በአማታችሁ ላይ ብትጮሁ ምን ብላችሁ ትገላገሉ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ... ደግሞ አማቴ ታየዋለች ብላችሁ አትፍሩ። ካየችም እሰየው፣ ሰርግ ቤት የምናስቅበት አገኘን!