የሬይኖ የሰርግ ፈቃድ

«ያለ መጠጥ መቶ ዘጠና አራት ቀን!» ይላል ሬይኖ ማኪ፣ ስሙ ገና ተጠርቶ ሳያልቅ። ችሎቱ በጭብጨባ ይናወጣል። ጠጥቶ በመንዳት ሦስት ጊዜ ለተያዘ ሰው ፍርድ ቤት ውስጥ ሲጨበጨብለት ያላየ፣ ማክሰኞ ጠዋት እኛ ዘንድ ይምጣ። አግዳሚው ላይ የተደረደርነው አሥራ አንዳችንም እንደ እሱው ነን። አንድ ዓመት ከምንታሰር አሥራ ስምንት ወር እንታከም ብለን ፈርመናል። ጠዋትና ማታ የትንፋሽ መመርመሪያ እንነፋለን፤ በየሳምንቱ ደግሞ ዳኛዋ ፊት ቆመን የሰነበትንበትን እንናገራለን።

ሬይኖ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በከባድ መኪና ግንድ ሲያመላልስ የኖረ ግዙፍ ሰው። ዛሬ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጥቷል።

«ክብርት ዳኛ፣ ከአውራጃው ለመውጣት ፈቃድ እፈልጋለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው፣ ዱሉዝ ከተማ። ልጄ ታገባለች።»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት!» ይላሉ ዳኛ ቦይድ። ወዲያው ግን ኮስተር ይላሉ። «ሰርግ መጠጥ ያለበት ቦታ ነው፣ አቶ ሬይኖ። ለሙሽሮቹ ብርጭቆ ሲነሳ እርስዎ ምን ይዘው ያነሳሉ?»

«ወተት።»

«ምነው ሽማግሌው፣ ሰርግ ነው የምትሄደው ጡት ልትጠባ?» ትለዋለች ከኋላዬ ዶሪን፣ ጸጉር ሠሪዋ። የችሎቱ ጠባቂ ኦርቪል ዝም በሉ ሊል ይነሳና ራሱ በሳቅ ይፈርሳል።

«ለስላሳ ከያዝኩ አንዱ ደግ ነኝ ባይ ሹልክ አድርጎ ይጨምርልኛል» ይላል ሬይኖ፣ ፈገግም ሳይል። «ዘመዶቼን አውቃቸዋለሁ። ወተት ላይ ውስኪ የሚያፈስ ግን እነሱም ውስጥ የለም።»

ዳኛዋ ይጽፋሉ። ዕቅዱ እንደጣማቸው ያስታውቃል። «መመርመሪያውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰዓቱ ከደረሰ ጭፈራ መሃል ቢሆኑም ይነፋሉ።»

«ከሙዚቀኞቹ ጋር ቆሜም ቢሆን እነፋለሁ።»

«እንግዲያው የጥሪ ካርዱን ለመዝገቡ ይስጡኝ።»

ሬይኖ እርጥብ ጸጉሩን በእጁ ይደባብሳል። እዚህ ችሎት የጠጣ ሰው ሁለት ቀን ይታሰራል፤ የዋሸ ግን ሳምንት። እንደዚያም ሆኖ ረሳሁት በል፣ ቤት ቀረ በል እያልኩ በሆዴ እለምነዋለሁ፤ እኔ ብሆን እንደዚያ እል ነበር።

«ካርድ የለኝም» ይላል። «አልጠራችኝም። እህቷ ስታገባ ኬኩ ላይ ወድቄ ከነጠረጴዛው ገልብጬው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አላናገረችኝም። ፈቃዱን ይዤ ልደውልላት ነው ያሰብኩት። መጠጥ ትቻለሁ ስላት ነው የኖርኩት፤ የእኔን ቃል እንዴት ብላ ትመን? የፍርድ ቤት ወረቀት ሲሆን ግን...»

አሁን የሚስቅ የለም። ይህን ሰው ለካ እወደዋለሁ።

ዳኛ ቦይድ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ኦርቪል፣ ሲገቡ ያስረከቡትን ስልካቸውን ከሣጥኑ አውጣላቸው። ከፈለጉ አሁን ይደውሉላት፣ አቶ ሬይኖ። ካልፈለጉ ማንም አያስገድድዎትም።»

ወፍራም ጣቶቹ ሁለት ጊዜ ተሳስተው በሦስተኛው ያገኙታል። የስልኩን ድምፅ ለሁላችንም ይለቀዋል። አራት ጊዜ ይጠራል።

«ማን ልበል?»

«ካሪን፣ እኔ ነኝ። አባትሽ።»

«ሰክረሃል?»

«አልሰከርኩም።»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትለው። የት ነው ያለኸው?»

«ፍርድ ቤት።»

«አሁን ደግሞ ምን አደረግህ?»

ዳኛዋ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ከወንበራቸው ይወርዳሉ። በሰባት ወር ውስጥ ሲወርዱ አይቼ አላውቅም። ስልኩን ከእጁ ይቀበሉታል።

«ካሪን፣ ዳኛ ቦይድ እባላለሁ። አባትሽ መቶ ዘጠና አራት ቀን ጠብታ አልቀመሱም። እሳቸው ስላሉኝ አይደለም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ስለምንመረምራቸው ነው። ከተጠሩ እፈቅድላቸዋለሁ። መጥራት አለመጥራት ግን ያንቺ ነው፤ በዚህ ማንም አያዝሽም።»

«ወተት ነው የሚጠጣው በሏት!» ትጮሃለች ዶሪን። ሁላችንም ዞረን እናፈጥባታለን።

ከስልኩ ማዶ ውሻ ይጮሃል፤ በር ይዘጋል። ሬይኖ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል። ስልኩን ዘጋችው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ቀጭን ድምፅ ይመጣል።

«የኮቱ ቁጥር ስንት ነው?»

«ምን አልሽ?» ይላሉ ዳኛዋ።

«የቤተሰባችን ወንዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ኮት ነው የሚለብሱት። የምንከራየውን ዛሬ ማስመዝገብ አለብን። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ይጠይቁልኝ።»

ዳኛዋ ሬይኖን ያዩታል። እንኳን ቁጥሩን ስሙንም የሚያስታውስ አይመስልም። ቢያስታውስስ፣ መጠጡን ካቆመ ወዲህ ያ ሁሉ ቦርጭ የት እንደገባ አይታወቅም።

እኔ ጣሪያ ሠሪ ነኝ፤ የብረት ሜትሬ ከቀበቶዬ ተለይቶ አያውቅም። ሳላስፈቅድ እነሳለሁ፤ ኦርቪል መንገድ ይለቅልኛል።

«እጅህን ወደ ላይ!» እለዋለሁ።

ሬይኖ ሁለት እጆቹን ያነሳል። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ ሳዞረው ያመልጠኛል፤ ደግሜ አዞረዋለሁ፣ ደግሞ ያመልጠኛል። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ እንጃ፣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል።

«ቁም እንጂ አንተ ሰው!»

ዳኛዋ ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መካከል አጣብቀው፣ ብዕራቸውን መዝገቡ ላይ አድርገው ቁጥሩን ይጠብቁኛል።