አስፋልቱ ላይ የተቆረጠ ቅጠል

የምትወደውን ባንድ ፎቶ ጠዋት የመኪናቸው የኋላ መስታወት ላይ የለጠፈችው ራሷ ነች። ሐዋሳ ሊደርሱ፣ የባንዱ ኮንሰርትም ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ አስፋልቱ ላይ የተቆረጠ ቅጠል አየች። ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ ሰው ረዥም ጥቁር ሻንጣ አንግቶ መሀል መንገድ ገባ።

"መኪና ተበላሽቶባቸው ነው" አለ ባሏ ፍሬን እየያዘ።

"ምንተስኖት፣ በእመቤቴ እንዳታቆም! ጠመንጃ ቢሆንስ የያዘው?"

ሰውየው እጁን እያውለበለበ ወደ መስኮቷ ሮጠ።

"ንዳው!"

ነዳው። ሐዋሳ እስኪደርሱ ድረስ ወደ ኋላ እየዞረች ታይ ነበር።

ባንዱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ፣ አቧራ እንደለበሰ መድረክ ላይ ወጣ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ሻርፑን ከአንገቱ ፈታና ማይኩን ጨበጠ።

"የመጀመሪያውን ዘፈን የምንጋብዘው" አለ፣ "ፎቶአችንን መኪናው ኋላ መስታወት ላይ ለጥፎ፣ መንገድ ላይ ጥሎን ለሄደው ሰው ነው።"