አምስት ሰው በአንድ ጀርባ

ወንበሩን አንስቼ ሰሌዳው ላይ ወረወርኩት። አምስቱ የነርስ ተማሪዎች ወደ ግድግዳው ሸሹ። ረጅሙ ልጅ ብቻ መዳፉን ዘርግቶ «ይረጋጉ ጋሼ፣ ይረጋጉ» እያለ ተጠጋኝ። ደረቱን በሁለት እጄ ገፈተርኩት። ሲወድቅ ከንፈሩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ደማ።

«ጋሼ አትበሉት» አለች እህቴ ከጥግ። «ጋሼነቱ ለእኔ ነው። ለእናንተ የማታውቁት ሕመምተኛ ነው።»

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ረጅሙ ልጅ ግን ከንፈሩን እየጠረገ በዓይኑ ይለካኝ ጀመር።

እንዳልሳሳላቸው አደራ ብላኛለች። እኔ የእህል መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነኝ እንጂ ተዋናይ አይደለሁም። «ለዚህ ነው የመረጥኩህ» ብላኛለች። «ተዋናይ ይራራላቸዋል።»

አሥራ አንድ ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆማ፣ የሚራገጥ ሕመምተኛ እንዴት እንደሚያዝ በቃል አስተምራለች። ተማሪ ይጽፋል፣ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል። ባለፈው ዓመት ከእሷ ዘጠና አምስት ያገኘ ልጅ፣ በተመረቀ በሦስተኛው ወር፣ የሚጮኽ ሕመምተኛ ጀርባ ላይ ሰውዬው ዝም እስኪል ድረስ ተንበረከከ። ሰውዬው ዝም ያለው ሞቶ ነው። እህቴ ይህን የሰማች ቀን የልጁን የፈተና ወረቀት ፈልጋ አወጣችና በቀይ እስክሪፕቶ እንደገና አረመችው። «የጎደሉት አምስቱ በሌላ ጥያቄ ናቸው» አለችኝ። «ስለ አያያዝ የጻፈው ላይ አንድም ስሕተት የለበትም።»

ከዚያ ኮርሱን አፈረሰችው። ንባቡ ቤት ይነበባል፤ ክፍል ውስጥ ሥራው ይሠራል፣ በእጅ፣ በሰው ላይ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የዚያን ቀኑን አይተው ሊወስኑ ከኋላ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ካልጣማቸው ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሰሌዳው ትመለሳለች።

«ያዙት» አለች።

አምስቱም መጡ። የመጀመሪያውን በክርኔ ጎኑን አገኘሁት፤ እጥፍ አለ፣ ግን እግሬን አልለቀቀም። ሌላውን ክንዱ ላይ ነከስኩት። የአንዱ መነጽር ወድቆ ከጫማ ሥር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ረጅሙ ልጅ ከኋላ አንገቴን ይዞ በፊቴ ደፋኝ። አገጬ ወለሉን ሲመታ ምላሴን ነከስኩና አፌ በደም ሞላ።

«ቀኝ እጅ።»

«ይዣለሁ።»

«እግር።»

«ይዣለሁ፤ አንተ ወገቡን።»

እንደ መጽሐፋቸው ሠሩ። ረጅሙ ልጅ በሁለት ጉልበቱ ጀርባዬ ላይ ወጣ።

ምልክት ነበረን። መዳፌን ሁለቴ ወለሉ ላይ ስመታ ይለቁኛል ተባብለናል። መዳፌን ግን ከአምስቱ አጭሯ ልጅ በሁለት እጇ ከወለሉ ጋር አጣብቃዋለች። ላነሳው ታገልኩ።

«እያመለጠኝ ነው» አለች።

«አጥብቂዋ፣ ምን ታባብይዋለሽ» አላት ረጅሙ።

አጠበቀችው።

ክብደት አውቃለሁ። ጆንያ ሲጭኑብህ አንድ ጊዜ ይከብድሃል፣ ከዚያ ያው ነው። ሰው ግን አየር ባስወጣህ ቁጥር ወደ ታች ይከተልሃል፤ የለቀቅከውን ቦታ አይመልስልህም። ልጮኽ ፈለግኩ፤ የምጮኽበት አየር አጣሁ። በአንድ ዓይኔ የእህቴን ጫማ አየሁ። ሁለት እርምጃ ነው የራቀችው። ፊቴን ታያለች። አልተንቀሳቀሰችም።

«ኧረ ሲስተር፣ ሰውዬው…» አሉ ኃላፊው።

«እርስዎ ዝም ይበሉ» አለቻቸው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ እህቴን ከቀበርናትም አራት ወር ሆኖናል። ያ ድምፅዋ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼው አላውቅም። ጠዋት ስንገባ «እኔ አላስቆምም» ብላኝ ነበር። «ዎርድ ውስጥ እኔ የለሁም።» ያን ጊዜ የምታየው እኔን አልነበረም። እነሱን ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ ጎንበስ ብሎ ፊቴን እስኪያይ ትጠብቃለች።

«ተረጋጋ» አለ ረጅሙ ልጅ እያለከለከ። ደስ ብሎታል። «አያችሁ፣ ተረጋጋ።»

«እጁ ለሰለሰ» አለች አጭሯ ልጅ።

ረጅሙ ልጅ ጉልበቱን አደላደለ።

«ለምንድን ነው የለሰለሰው?» አለች።

ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ብድግ ብላ ረጅሙን ልጅ ጆሮ ግንዱን በቡጢ አለችው። ከጀርባዬ ተገልብጦ ወደቀ።

አየር ስስብ የራሴ የማይመስል ድምፅ ከደረቴ ወጣ። ደምና ምራቅ ተፋሁ።

«ሃምሳ ሴኮንድ» አለች እህቴ ሰዓቷን እያየች። ተንበርክካ ጀርባዬን ዳበሰችኝ። እጇ በረዶ ሆኗል። «ጋሼ፣ እስቲ ተናገር። ምንም ቢሆን ተናገር።»

«ከጆንያ… ይብሳሉ» አልኳት።

ኃላፊው ተነሱ። «ይሄ ትምህርት አይደለም፣ ድብድብ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሰሌዳሽ ትመለሻለሽ።»

እህቴ ነጭ ጋውኗን አወለቀች፤ ሰዓቷን ፈትታ ለአጭሯ ልጅ ሰጠች። እኔ ተኝቼበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ከሰሌዳው ሥር፣ በደረቷ ተኛች።

«በሉ፣ አሁን እኔን» አለች።

ረጅሙ ልጅ ጆሮውን ይዞ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ መጥቶ ተንበረከከ። ክንዷን ከመንካቱ በፊት ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገና ጉንጩን ከወለሉ ጋር አጋጠመ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አጠገቡ ወረዱ። ኃላፊው የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ።

ማንም ገና አልነካትም። ትንፋሿ ወለሉ ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ ገፋ ሲያደርገው፣ መለስ ሲያደርገው ያያሉ።